መርከቡ ሄዷል፤ ደሴቷስ?

ጳጉሜን 5 ቀን እኛ ቄጠማ እንገዛለን፣ ዶሮ እንበልታለን። ማያሚ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሄሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ማዕከል ባለሙያዎች ደግሞ ያን ቀን ካርታ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ቀኑ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ነው። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ጣሪያ የሚነካው በዚህ ቀን አካባቢ ነው። ወቅቱ ጁን 1፣ ማለትም ግንቦት 24 ይከፈታል። ኖቬምበር 30፣ በኅዳር ጽዮን ሰሞን ይዘጋል።

ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን አታውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ከእቁብ ጓደኞቿ ጋር ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ የመርከብ ጉዞ ቆረጠች። ጊዜው ሴፕቴምበር ነው። ዋጋውን ስትነግረኝ "በነፃ በለው" ነበር ያለችኝ። የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማና ትልቅ ባርኔጣ ሸክፋ ተዘጋጀች። ሊነሱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከኩባንያው ኢሜይል መጣ። ባሃማስ በኩል ነፋስ ስላለ መርከቡ ወደ ካናዳ ይሄዳል ይላል። ከወደብ ሱቅ በገዛችው ወፍራም ሹራብ፣ ከታች በነጠላ ጫማ የተነሳችው ፎቶ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

ከተመለሰች በኋላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች በሰመር ከካሪቢያን ይወጣሉ ይባላል። ከነፋሱ ሸሽተው ነው አይደል?" ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። የጉዞ ወኪሎችም እንዲህ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ያውም ትንሹ ግማሽ።

ነፋሱን ልጀምረው። ታሪኩ ከእኛው ደጅ ስለሚነሳ ትንሽ ልቆይበት። (ፈረንጅ ሰመር የሚለው ለእኛ ክረምት መሆኑን እያሰባችሁ።) በዚያ ጊዜ ሰሐራ ይጋያል። ከሱ በስተደቡብ፣ ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ያለው ምድር ግን እርጥብና ቀዝቀዝ ያለ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሳ ከምድር ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጥ ነፋስ ይፈጠራል። ይህ ነፋስ ቀጥ ብሎ አይነጉድም። እንደ እባብ ይጥመለመላል። ጥምልምሉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ዳርፉር ባሉት ተራሮች አካባቢ ነው። በዓመት ወደ 60 የሚጠጉ እንዲህ ዓይነት ሞገዶች አህጉሩን አቋርጠው በሴኔጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣሉ። አብዛኞቹ እዚያው ባክነው ይቀራሉ። ከባዶቹ የአትላንቲክ ሄሪኬኖች ግን በብዛት የሚወለዱት ከእነዚሁ ነው። እ.አ.አ በ2000 አልቤርቶ የተባለውን ሄሪኬን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ እየተከተሉ መነሻውን ያገኙት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። እኛ ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ዘርግተን የምናማርረው ሰማይ የሩቅ ዘመዶች አሉት ማለት ነው።

ሞገዱ ብቻውን ግን ሄሪኬን አይሆንም። ሙቅ ባሕር ይፈልጋል፤ ከ26 ዲግሪ ከፍ ያለ። ባሕር ደግሞ እንደ ሸክላ ምጣድ ነው። እሳት ስለተለኮሰ ብቻ አይግልም። አንዴ ከጋለም ቶሎ አይበርድም። ፀሐይዋ ጁን ላይ ብትበረታም ውኃው በደንብ የሚግለው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው። ጣሪያው ጳጉሜን ላይ የዋለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መርከቦቹ። በርግጥ ከአፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ ካሪቢያንን ለቀው ይሄዳሉ። ከፊሎቹ አትላንቲክን ተሻግረው ወደ ሜዲትራኒያንና ወደ ሰሜን አውሮፓ ያመራሉ። ከፊሎቹ በፓናማ ቦይ አድርገው ወደ አላስካ ይወጣሉ። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይመለሳሉ። የመሸጋገሪያው ጉዞ ራሱ ይሸጣል። ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ አብዛኛው ቀን ባሕር ላይ ነው፣ የአንድ ሌሊት ዋጋው ርካሽ ነው። ጡረተኞች ይወዱታል።

ግን ሁሉም አይሄዱም። በዓለም ካሉት የመዝናኛ መርከቦች ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ ዓመቱን ሙሉ ከማያሚ ነው የሚነሳው። ጁላይ ላይ ማያሚ ወደብ ብትሄዱ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አሜሪካዊ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደዚያ ይጎርፋል። የሚቀዘቅዘው ልጆቹ ትምህርት ሲገቡ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ነው። የአክስቴን ልጅ የማረካት ዋጋ ከዚያ የመጣ ነው። ነፋሱ ዋናው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ውዱና ግዙፉ መርከብ ቀድሞ በሸሸ ነበር።

ትልቅ መርከብ ከሄሪኬን መሸሽ አያቅተውም። ሄሪኬን ውስጡ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሽከረከራል እንጂ ራሱ የሚጓዘው ቀስ ብሎ ነው። ካሪቢያን ላይ በአብዛኛው በሰዓት 20 እና 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። መርከቡ በሰዓት እስከ 40 ይሄዳል። የነፋሱ መንገድ ደግሞ ከቀናት በፊት ይተነበያል። ካፒቴኑ መሪውን ያዞራል፣ ሌላ ወደብ ይፈልጋል፣ አለቀ። የመንገደኛው ውል ላይም ኩባንያው መንገዱን እንደፈለገ መቀየር እንደሚችል ተጽፏል። ባሃማስ ከፍሎ ካናዳ መገኘት በውሉ መሠረት ትክክል ነው።

የነገሩን ልክ በደንብ የሚያሳየኝ ግን ዱባይ ነው። ዱባይ ሄሪኬን የለም። ሆኖም ከሜይ እስከ ኦክቶበር የዱባይና የዶሃ ወደቦች ላይ የመዝናኛ መርከብ ማየት ብርቅ ነው። እዚያ የሠራ ሐበሻ ምክንያቱን አይጠይቅም። ኦገስት ላይ ከበር ወጥቶ መኪና እስኪደርስ ሙቀቱ ምን እንደሚያክል ያውቃል። መርከቦቹ ኖቬምበር ላይ ይመጣሉ፣ አፕሪል ላይ ወደ አውሮፓ ይመለሳሉ። መንገዳቸው በባብ ኤል መንደብ፣ በእኛው ጎረቤት ነበር። እ.አ.አ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የሁቲዎች ጥቃት ሲበረታ ብዙዎቹ ሰረዙት። ለማንኛውም መርከብ የሚከተለው ትኬት የሚገዛውን ሰው ነው።

ሰሜኑ ደግሞ በሰመር ገንዘብ ነው። አላስካ የበረዶ ግግሩና ዓሣ ነባሪው የሚታዩት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ወቅቱ አጭር ስለሆነ ዋጋው ይሰቀላል። መንገደኛው ከመርከብ ወርዶ በሄሊኮፕተር በረዶ ላይ ልውጣ ሲል ሌላ መቶዎች ዶላር ይከፍላል። አንዳንድ ኩባንያዎች እዚያ የራሳቸው ሎጅና የባቡር ፉርጎ ሳይቀር አላቸው። መንገደኛው ከባሕር ወርዶም ከእጃቸው አይወጣም። እንዲህ ያለ ገበያ እያለ መርከቡን ካሪቢያን ላይ በቅናሽ የሚያንከራትት ነጋዴ ሞኝ ነው።

ስለዚህ ነፋሱ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ለትንንሾቹ የሞት ሽረት ነው። እ.አ.አ በ1998 ኦክቶበር ላይ ፋንቶም የምትባል ባለ አራት ምሰሶ የሸራ መርከብ መንገደኞች ጭና ከሆንዱራስ ተነሳች። ሚች የተባለው ሄሪኬን እየመጣ ነበር። ካፒቴኑ ቤሊዝ ሲቲ ደርሶ መንገደኞቹን በሙሉ አወረደ፤ ከሠራተኞቹም የተወሰኑትን። ከዚያ መርከቧን ለማትረፍ ወደ ባሕር ተመለሰ። ወደ ደቡብ ሲያመልጥ ሚችም ወደ ደቡብ ታጠፈ። ፋንቶም ከ31 ሠራተኞቿ ጋር ጠፋች። ከመንገደኞቹ አንድም ሰው አልሞተም። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር አእምሮዬ የሚቆመው ቤሊዝ ወደብ ላይ ነው፤ ማን ወረደ፣ ማን ቀረ የሚለው ላይ።

የደሴቶቹም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መርከብ ይሄዳል፣ ደሴት አትሄድም። እ.አ.አ በ2017 ሴፕቴምበር ኢርማ የተባለው ሄሪኬን ሴንት ማርቲንን አደቀቀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሪያ ዶሚኒካንና ፖርቶ ሪኮን ደገመ። በ2024 ቤሪል ገና ጁላይ 1 ላይ የግሬናዳዋን ካሪያኩ መታ፤ ያልተነካ ቤት እስኪጠፋ ድረስ። በ2025 ኦክቶበር 28 ሜሊሳ በመጨረሻው ደረጃ፣ በደረጃ 5 ጉልበት ጃማይካ ላይ አረፈ። ነፋስ በማይመጣበት ዓመትም ቢሆን ትንንሾቹ ደሴቶች ሰመርን የሚያሳልፉት ባዶ ወደብ እያዩ ነው። ግሬናዳ ያለ ባለታክሲ የዓመት ቀለቡን የሚሠራው መርከቦቹ በሚመጡበት በስድስትና ሰባት ወር ውስጥ ነው። ወደቡ ሲሰፋ ግን ብድሩ የሚከፈለው አሥራ ሁለቱንም ወር ነው።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። "ከነፋስ ሸሹ" ሲባል ነገሩ የእግዚአብሔር ሥራ ይመስላል። ማንም ተጠያቂ የለም፣ ምንም መደራደሪያ የለም። የንግድ ውሳኔ ነው ካልን ግን በንግድ ቋንቋ ማውራት ይቻላል። አላስካን እዩ። እ.አ.አ በ2006 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በእያንዳንዱ መንገደኛ ላይ 46 ዶላር ግብር ጫነ። ኩባንያዎቹ ተንጫጩ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ መርከብ ቀነሱ። በ2010 ወደ 34 ዶላር ተኩል ወረደ። ግን አልጠፋም፤ መርከቦቹም አልቀሩም። ጁኖ የምትባለዋ የአላስካ ዋና ከተማ 30 ሺህ ምናምን ሰው ነው ያላት። እሷም ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ አላስገባም ብላ ተስማምታለች። የካናዳዋ ቪክቶሪያ ደግሞ ውበቷ ብቻ አይደለም መርከብ የሚያመጣላት። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ደርሶ ሲመለስ የሌላ አገር ወደብ እንዲነካ ያስገድደዋል። ስለዚህ አመሻሽ ላይም ቢሆን፣ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን፣ ጎራ ይላል።

ካሪቢያን እንዲህ ያለ ካርታ በእጇ የለም። እ.አ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገሮቹ ተባብረው በመንገደኛ አንድ ወጥ 10 ዶላር ለማስከፈል ሞክረው ነበር። አልሆነም። አንዷ ደሴት ዋጋ ስትጨምር መርከቡ ጎረቤቷ ጋ ይሄዳል፣ ጎረቤቷም እሰይ ብላ ትቀበላለች። ይባስ ብሎ ኩባንያዎቹ አሁን ባሃማስ ላይ የራሳቸውን የመዝናኛ ደሴትና ዳርቻ እየሠሩ ነው። መንገደኛው እዚያ የሚጠጣው ቢራ ገንዘብ እንኳ ወደዚያው ኪስ ይመለሳል።

ሀቁን ለመናገር ኩባንያዎቹ በክፉ ቀን ጨርሰው አይጠፉም። ከማሪያ በኋላ አድቬንቸር ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ የሽርሽር ጉዞውን ሰርዞ ከፖርቶ ሪኮና ከአካባቢው ደሴቶች ከ3,000 በላይ ሰው አውጥቷል። ሴንት ክሮይ ደሴት ላይ ደግሞ ካርኒቫል ፋሲኔሽን የተባለው መርከብ የእርዳታ ሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ ሰንብቷል፤ እሱ በኪራይ ነው፣ ከፋዩም የአሜሪካ መንግሥት ነበር። የመጀመሪያውን አደንቃለሁ። ነገር ግን ደሴቶቹ የሚያስፈልጋቸው ደግ ካፒቴን እስኪመጣ መጠበቅ አይመስለኝም።

የካሪቢያን አገሮች ከ2007 ጀምሮ በጋራ ያቋቋሙት የአደጋ መድን አላቸው። አውሎ ነፋስ ሲመታ ለተመታው አገር ቶሎ ገንዘብ ይከፍላል። የዓረቦኑ ሸክም በመንግሥታቱና በለጋሾች ላይ ነው። ከእያንዳንዱ የጥሩ ወቅት መንገደኛ ትኬት ላይ ሁለት ዶላር ለዚህ ይግባ ቢባል ማን ይከስራል? በአንድ ሳምንት ጉዞ ላይ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳ አይሆንም። ሁሉም ደሴቶች አብረው ካላሉት ግን ዋጋ የለውም። የ1990ዎቹም ሙከራ የከሸፈው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው የምጠይቀው ነገር ደግሞ የአክስቴን ልጅ የሚመለከት ነው። የሴፕቴምበር ትኬት ሲሸጥ "መንገዱ ሊቀየር ይችላል" የሚለው አርባኛው አንቀጽ ውስጥ ከመቀበር ዋጋው አጠገብ በትልቁ ይጻፍ። እስከዚያው ሐበሻው ይህን ይያዝ። የጉዞ መድን ከፈለጋችሁ ነፋሱ ስም ሳይወጣለት ግዙ። ዜና ላይ ስሙን ከሰማችሁ በኋላ የተገዛ መድን ለዚያ ነፋስ አይከፍልም።

ይህን ሁሉ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ለካ ዘንድሮም ቆርጣለች፣ ያውም ሴፕቴምበር።

"መድኑን ገዛሽ?" አልኳት።

"ሹራቡ አለኝ" አለችኝ።