ተረት ሲደጋገም

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠራን። ከእንግዶቹ አንዷ ሎርተን ያለውን የሉሲ በርንስን ሙዚየም አይታ ስለነበር ታጫውተን ጀመር። ሉሲ የብሩክሊን ልጅ፣ ትውልዷ ከአየርላንድ የሆነ ካቶሊክ ነበረች፤ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ ከታሰሩት አሜሪካውያን ሴቶች ሁሉ እስር ቤት ብዙ የቆየችው እሷ ናት። አቦሉ ሳይቀዳ አንድ በዕድሜ የሚበልጡን ሰው "ምን ዋጋ አለው፣ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" አሉ።

"ጋሼ፣ እስኪ ያስጨርሱኝ" አለች።

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1917 ዋይት ሀውስ በር ላይ መፈክር ይዘው የቆሙትን ሴቶች ኦኮኳን እስር ቤት አስገብተው ደበደቧቸው። በዚያ ሌሊት ሉሲ የጓደኞቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች ደኅንነታቸውን ትጠይቅ ነበር። ዝም በይ ቢሏት እምቢ አለች። እጆቿን ከራሷ በላይ አድርገው በካቴና ከበሩ ጋር አሰሯት። ይህን ያዩት እስረኞችም እጃቸውን እንደ እሷ ወደ ላይ ዘርግተው ቆሙ። ምግብ አልበላም ስትል በአፍንጫዋ ቱቦ ከተቱባት።

ጋሼ የመለሱት "ሃይማኖት ካላት መቁጠሪያዋን ይዛ አትቀመጥም? ደግሞስ ሕጉን ያጸደቁት ወንዶች አይደሉም? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ" ብለው ነው። ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ቶናው ሲቀዳም ያንኑ ደገሙት።

መታገሥ አቃተኝ። በኦገስት 1920 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠው ሕግ ሊጸድቅ የአንድ ግዛት ድምፅ ብቻ ሲቀረው፣ በቴነሲ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ሳለ፣ የ24 ዓመቱ ሃሪ በርን ከተቃዋሚዎች ወጥቶ ወደ ደጋፊዎች ዞረ። ስሙ ቢመሳሰልም የሉሲ ዘመድ አይደለም። ያዞረው ግን ደግፍ ብላ የጻፈችለት የእናቱ ደብዳቤ ነው። ታዲያ በማን አለቀ?

"እናትማ ሌላ ናት" አሉ።

ሌላ አይደለችም! ሉሲም ድሉ ከተገኘ በኋላ ብሩክሊን ተመልሳ እናቷ የሞተችባትን የእህቷን ልጅ አሳድጋለች፤ ቤተ ክርስቲያኗንም አልተወችም። መቁጠሪያውም አደባባዩም የእሷ ነበሩ።

እኛ ግን ተረትን እንደ ሕግ አንቀጽ እየጠቀስን አፍ እንዘጋለን። በየማኅበሩ እንጀራ የሚጋግሩት፣ መዋጮ የሚሰበስቡት፣ ለቅሶ ቤት የሚያድሩት ሴቶች ናቸው፤ ሊቀመንበር ሲመረጥ ግን ወንዶቹ እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ልጆቻችን አማርኛ ጠሉ ብለንም እናማርራለን። በዚያ ቀን ፈንዲሻ የምታዞረው የቤቱ ልጅ ጠጋ ብላ "ጋሼ የሚደጋግሙት ምን ማለት ነው?" አለችኝ። ልተረጉምላት አፌን ከፈትሁና አፈርሁ።