ማስተካከያ፦ በሰውነት ውስጥ በተተከለ ብረት ዙሪያ ስለሚቆይ የአጥንት ኢንፌክሽን

በስብራት መጠገኛ ብረትና በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ዙሪያ የሚከሰት ኢንፌክሽን ለረጅም ጊዜ የማይድነው ባክቴሪያው መድኃኒት የሚቋቋምበት ዘረ መል ስላለው ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ቀደም ሲል የቀረበው መረጃ እንደሚከተለው ይስተካከል። ሜክኤ የተባለው ዘረ መል ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ሜቲሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ተዛማጆቹን እንዲቋቋም ማድረጉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዘረ መል የሌለውና በላቦራቶሪ ምርመራ በመድኃኒት የሚሸነፍ ባክቴሪያም ብረቱ ላይ ተጣብቆ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ዋነኛው ምክንያት ባክቴሪያዎቹ ተሰባስበው የሚሠሩት ባዮፊልም የተባለ፣ ከመድኃኒት የሚከልላቸው አጣባቂ ሽፋን ነው። ኢካ የተባሉት ዘረ መሎች የዚህን ሽፋን ስኳር መሰል ንጥረ ነገር ለማምረት ያገለግላሉ፤ እነርሱ በሌሉበትም አንዳንድ ዝርያዎች ሽፋኑን በፕሮቲን ስለሚሠሩ የኢካ አለመገኘት ብቻውን ባክቴሪያውን ጉዳት የለሽ አያሰኘውም። ኤጂአር የተባለው ተቆጣጣሪ ሥርዓት ሲዳከም ደግሞ ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ይቀንሳል፣ ሽፋኑ ግን ሊወፍር ይችላል፤ ሕመሙ ሳይጮኽ ሥር ከሚሰድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። በእኛ እምነት መድኃኒትን በዘረ መል በመቋቋምና በሽፋን በመከለል መካከል ያለው ልዩነት ለሕሙማን በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ የላቦራቶሪው ውጤት «መድኃኒቱ ይሠራል» እያለ ሐኪሙ የሞተውን አጥንት ለመጥረግ ወይም ብረቱን ለማውጣት ቀዶ ሕክምና የሚያዝዘው በዚሁ ሽፋን ምክንያት ነው።