ብቻን ጫካ ማደር በሽታ አይደለም

«ቅዳሜና እሁድን ብቻዬን ጫካ ላድር ነው» ብሎ ለሐበሻ ወዳጅ መናገር ቀላል አይደለም። «ምን ሆንሽ?» ይባላል በቅድሚያ። ቀጥሎ «ከማን ጋር ተጣላሽ?» ይመጣል። ነገሩ እናት ጆሮ ከደረሰ ደግሞ ስለት መሳል ይጀመራል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነንና ብቸኝነትን ሁልጊዜ ከቅጣት ወይም ከሕመም ጋር እናያይዘዋለን። ይህ አስተሳሰባችን በተለይ በስደት አገር እየጎዳን ነው ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅዳሜና እሁድ የራሳችን ሆኖ አያውቅም። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕቁብ አለ፣ የማኅበር ተራ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አለ። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ሥራ የምንሠራውም በነዚሁ ቀናት ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ እዚህ አገር ቆመን የምንሄደው ስንወድቅ የሚያነሳን፣ ስንወልድ አጥሚት የሚሠራልን፣ ስናዝን ፍራሽ ላይ አብሮን የሚቀመጥ ሰው ስላለን ነው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ለአሠሪ፣ ቅዳሜና እሁድ ለወገን የሆነ ሰው ሐሳቡን የሚጨርስበት ጊዜ የለውም። የጀመረውን ሐሳብ መሐል ላይ ስልክ ይጠራና ያቋርጠዋል፤ በማግስቱ ሌላ ሐሳብ ይጀምራል፤ እሱም ይቋረጣል። ዓመታት እንዲህ ያልፋሉ።

ስለዚህ በዓመት ጥቂት ጊዜ ስንቅና ድንኳን አዝሎ፣ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብቻን ማደር ለኛ ማኅበረሰብ ቅንጦት አይደለም እላለሁ። ባዕድም አይደለም። አንድ ሰው ሱባዔ ገባ ሲባል ጤንነቱን የሚጠራጠር የለም። ከሰው ተለይቶ መቆየት ምን እንደሚያደርግ አያቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ጊዜና ቦታ ለይተው ነበር። ጫካ መሄድ ሱባዔን ይተካል ማለቴ አይደለም፤ ጸሎት ጸሎት ነው። ከሰው ዞር ማለት የሚከበርበት ባህል እንዳለን ግን አንርሳ።

እኔ የምሄድበትን ቦታ ልንገራችሁ። ራምሲስ ድራፍት ይባላል፤ በቨርጂኒያ ኦገስታ ካውንቲ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ የሚገኝ ሸለቆ ነው። ከአሌክሳንድሪያ በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ በ81 ወደ ደቡብ እስከ ስታንተን ከተማ፣ ከዚያ በ250 ቁጥር መንገድ ወደ ተራራው መውጣት ነው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማውንቴን ሃውስ የምትባል ትንሽ የሽርሽር ቦታ አለች፤ መኪና እዚያ ይቆማል። የመግቢያ ክፍያ የለም፣ የማደሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ የለም። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ቀረብ ይላል፤ ውበቱም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ኦልድ ራግ የሚባለውን ተራራ በሕዝብ ብዛት ምክንያት ከ2022 ጀምሮ በሚበዛበት ወቅት አስቀድሞ ትኬት ሳይቆርጡ መውጣት አይቻልም። ራምሲስ ድራፍት ግን በጥቅምት ወር እንኳ፣ ቅጠሉ ቀልቶና ወርቅ መስሎ ሳለ፣ ግማሽ ቀን ሰው ሳያገኙ የሚሄዱበት ቦታ ነው።

ጸጥታው እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ በሕግ የተጠበቀ ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 የፈረሙት አዋጅ እንዲህ ላሉ ቦታዎች «የዱር ሥፍራ» የሚል ደረጃ ሰጠ። በዚህ ደረጃ ውስጥ መኪና አይገባም፣ ሞተር ሳይክል አይገባም፣ ብስክሌት እንኳ አይገባም። የወደቀ ዛፍ መንገድ ቢዘጋ የሚያነሱት ሠራተኞች የሚጠቀሙት በእጅ የሚጎተት መጋዝ ነው። ራምሲስ ድራፍት ይህን ደረጃ ያገኘው በ1984 ነው፤ ስፋቱም 6,518 ኤከር፣ ወደ 2,600 ሄክታር ይጠጋል። በመላ አሜሪካ ዛሬ ከ800 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ። አንድ መንግሥት ዝምታን የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ በሕግ መጠበቁ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ይወጣል፤ ወንዙንም ደጋግሞ ያቋርጣል። ድልድይ የለም። ድሮ ሸለቆውን ይዞ የሚወጣ የመኪና መንገድ ነበር፤ በ1985 የመጣው ትልቅ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልመለሰውም። ድንጋይ ከድንጋይ እየመረጡ መሻገር፣ ካልሆነም ጫማ አውልቆ በባዶ እግር መግባት ነው። ውኃው ውስጥ ትራውት የሚባለው ዓሣ ሲሽሎከሎክ ይታያል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ሃይነር ስፕሪንግ ከሚባለው ምንጭ ይደረሳል። አካባቢው ሜዳማ ስለሆነ ድንኳን ለመትከል ይመቻል። ከዚያ አለፍ ብሎ ሃርድስክራብል ኖብ የተባለው ጫፍ አለ፤ 1,305 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ለወጣ እግር አይከብድም።

ሸለቆውን ስትሄዱበት የሚያሳዝናችሁ ነገርም አለ። ይህ ጫካ ከእንጨት ነጋዴዎች መጥረቢያ ያመለጡ፣ ዕድሜያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ሄምሎክ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች መኖሪያ ነበር። ከእስያ የመጣች፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ነፍሳት በ1951 ሪችመንድ አካባቢ ታየች፤ ቀስ በቀስም ወደ ተራራው ወጣች። ቅጠላቸው ሥር ተለጥፋ ፈሳሻቸውን እየመጠጠች ገደለቻቸው። ግንዶቹ ዛሬ መንገዱ ላይ ተጋድመዋል፤ አንዳንዱን ለማለፍ መንፏቀቅ ያስፈልጋል። በወደቁት መካከል ግን የበርችና የሜፕል ችግኝ ወደ ብርሃኑ ተመዟል። እዚያ ስሄድ አንድ ግንድ ላይ ቁጭ ብዬ ረጅም ጊዜ አሳልፋለሁ።

ብዙ ወዳጆቼ «እሱ የፈረንጅ ነገር ነው» ይሉኛል። ይህን አባባል ታሪኩን ካወቅሁ በኋላ መስማት ይከብደኛል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሲከፈት ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው ነበር የሚስተናገዱት። ለጥቁሮች ተለይቶ የተሰጠው ሉዊስ ማውንቴን የተባለው ቦታ ነበር፤ በ1939 ተከፈተ፤ መለያየቱም ፈጽሞ የቀረው በ1950 ነው። ሉዊስ ማውንቴን ዛሬም የካምፕ ቦታ ነው፤ ማንም ሄዶ ማደር ይችላል። በዚህ አገር ጥቁር ሰው በጫካ መንገድ ላይ ብርቅ ሆኖ የሚታየው ተፈጥሮ ስለማይወድ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ስለተከለከለ፣ ጫካውም የሚያስፈራ ትዝታ ስላለበት ነው። እኛ የመጣነው ሌሎች ታግለው በሩን ካስከፈቱ በኋላ ነው። የተከፈተውን በር «የኛ አይደለም» ብለን ማለፋችን ለከፈቱት ሰዎችም ክብር መንፈግ ይመስለኛል። ብሔራዊ ደን የሕዝብ መሬት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከደመወዛችን የሚቆረጠው ግብር ያንን መንገድ ይጠርጋል።

አልዋሽም፤ ጥቁር ሴት ብቻዋን ቦርሳ አዝላ ከመኪና ስትወርድ ዓይን ይበዛባታል። ያ ይሰማኛል። መንገዱ ላይ ከወጣሁ በኋላ ግን የማገኛቸው ጥቂት ሰዎች ሰላምታ ሰጥተው ስለ ውኃው ሙላት ነግረውኝ ያልፋሉ። ከመሄዴ በፊት የት እንደማቆም፣ በየትኛው መንገድ እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምወጣ ጽፌ ለአንዲት ጓደኛዬ እሰጣታለሁ፤ ያልኩት ሰዓት ካለፈ ለማን እንደምትደውል ታውቃለች። ሸለቆው ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ በሳተላይት መልእክት የምትልክ ትንሽ መሣሪያም እይዛለሁ። ብቻን መሄድ ማለት ማንም ሳያውቅ መጥፋት አይደለም።

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ድብ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ጥቁር ድብ ሰው ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸሻል፤ የሚፈልገው ምግብ ነው። ስለዚህ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ራቅ ብሎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል ወይም ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ይቀመጣል። ከድቡ ይልቅ እኔ የምፈራው መዥገሯን ነው፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ ማታ ማታ ገላን መፈተሽ ያስፈልጋል። ሌላው ዝናብ ነው። ጠዋት በድንጋይ የተሻገሩት ውኃ ከከባድ ዝናብ በኋላ ማታ ላያሻግር ይችላል፤ የአየር ትንበያው ካላማረ ለሌላ ሳምንት ማስተላለፍ ነው። የጥጥ ልብስ ሲረጥብ ይበርዳል፤ ሱፍ ይሻላል። የወንዙን ውኃ ሳያጣሩ ወይም ሳያፈሉ መጠጣት አይገባም። ኅዳር የአደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካናማ ልብስ ይለበሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ልምድ ካለው ሰው ጋር ሄዶ ይልመድ፤ ብቻውን የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ስንቅ ግን ማንም ሊያስተምረን አይችልም። የጫካ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ውስጥ ሙቅ ውኃ የሚጨመርበት የደረቀ ምግብ አለ፤ አንዱ እሽግ ከ10 ዶላር በላይ ነው። የኛ እናቶች ይህን ጉዳይ የጨረሱት ከስንት ዘመን በፊት ነው! በሶ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፤ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጨብጦ መብላት ነው። ድርቆሽ በፈላ ውኃ ከበርበሬና ከትንሽ ዘይት ጋር ሲርስ ተራራ ላይ ፍርፍር ይሆናል። ቋንጣ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ጾም ቢሆን እንኳ ቋንጣዋን መተው ብቻ ነው። በእግሩ አገር ያቋርጥ የነበረ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ስንቅ መቋጠር እናውቃለን።

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ትክክለኛውን መልስ ልስጥ። አባቴ አዲስ አበባ ሲያርፍ መርዶውን የተረዳሁት እዚህ ነው። ወዳጆቼ በማለዳ መጥተው አረዱኝ። ቤቴ በሰው ተሞላ፤ ምግቡም ቡናውም ከየቤቱ መጣ፤ ማንም ብቻዬን አልተወኝም። ለዚያ ደግነት እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ባለቀስኩ ቁጥር «በቃሽ» የሚል ሰው አጠገቤ ነበር፤ እኔም እነሱ እንዳይጨነቁ በቃኝ አልኩ። ከዚያ ሥራ ገባሁ። የቀረውን ለቅሶ ያለቀስኩት ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው፤ በዚያ ሸለቆ፣ ጨለማው ከወረደ በኋላ፣ ውኃው ድምፄን እየዋጠው። በቃሽ የሚል አልነበረም። ሲበቃኝ ራሴ አቆምኩ። በማግስቱ ቀለል ብሎኝ ወረድኩ፤ ስለ አባቴ ለሰው ማውራት የቻልኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። በስልክ መርዶ ተረድቶ በሁለተኛው ሳምንት ሺፍቱን የጀመረ ሐበሻ በዚህ ከተማ ስንት እንደሆነ እያንዳንዳችን ከወዳጆቻችን መካከል መቁጠር እንችላለን። ብዙዎቻችን ያላለቀ ለቅሶ ይዘን ነው የምንዞረው።

ከጫካ ሁሉም ሰው ይህን ያገኛል አልልም። አንዳንዱ እንቅልፍ ብቻ ጠግቦ ይመለሳል፤ እሱም ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ሌሊት ለብዙ ሰው ትከብዳለች። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ድብ ይመስላል፤ ጉጉት ስትጮህ የልጅነት ሟርት ትዝ ይላል። እየነጋ ሲሄድ ግን ፍርሃቱ ይለቃል፤ ጆሮም የውኃውን፣ የወፉንና የንፋሱን ድምፅ ለይቶ መስማት ይጀምራል።

ለማኅበረ ምእመናንና ለኮሚኒቲ ማኅበራት መሪዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በየበጋው ለልጆቻችን የምታዘጋጁት ጉዞ ብዙ ጊዜ መዝናኛ ፓርክ ነው። አንዱን ዓመት ድንኳን ተከራይታችሁ ሉዊስ ማውንቴን አሳድሯቸው፤ የቦታውንም ታሪክ ንገሯቸው። በቡድን ጫካ አድሮ ያደገ ልጅ ትልቅ ሲሆን ብቻውን ለመሄድ አይፈራም፤ ስትሄድም እናቷ አትደነግጥም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ለምትመርጡ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የግዛቷ ሴናተሮች ቲም ኬንና ማርክ ዋርነር በ2023 ራምሲስ ድራፍት ያለበትን የሸናንዶዋ ተራራ 92,562 ኤከር የሚሆን መሬት ልዩ ጥበቃ እንዲያገኝ፣ የዱር ሥፍራውም እንዲሰፋ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። እንዲህ ያለው ረቂቅ የሚያልፈው መራጭ ሲጠይቅ ነው። የሴናተሮቹ ጽሕፈት ቤቶች ስልክ ያነሳሉ፤ የሚደውለውንም ይመዘግባሉ። ለስደተኛ ጉዳይ፣ ለአገር ቤት ሰላም ስንደውል ኖረናል፤ አሠራሩን እናውቀዋለን። ስትደውሉ ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ከተማና የቦታውን ስም ተናገሩ፤ ሄዳችሁ አይታችሁት ከሆነ ያንንም ጨምሩበት።