ያ ረጅም ወንበር ለቤተሰብ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ።

ባለፈው እሁድ ሱሉልታ ነበርኩ። ሜዳው ዳር ባለ አራት ጎማ ሞተር የሚያከራዩ ልጆች አሉ። አንድ አባት ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ትንሿን ከፊቱ አስቀመጣት፤ ሁለቱን ከኋላው ደረደረ፣ ልክ ሚኒባስ ውስጥ «ጠጋ በሉ» እንደሚባለው። እናት ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። ሄልሜቱ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ዞር ብሎ ያየው የለም።

እኔ ያየሁት የትንሿን እጅ ነው። የዚህ ሞተር ነዳጅ መስጫ እንደ ተራው ሞተር የሚጠመዘዝ አይደለም። ከቀኝ መያዣው አጠገብ ያለች፣ በአውራ ጣት የምትገፋ ትንሽ ነገር ናት። የአምስት ዓመት ልጅ መጫወቻ ብትመስላት ይፈረድባታል? አንዴ ጫን ካደረገቻት አባቷ ፍሬን እስኪይዝ ሁሉም አጥሩ ውስጥ ናቸው።

ወንበሩ ረጅም የሆነው ነጂው እንዲንቀሳቀስበት ነው። ዳገት ሲወጣ ወደ ፊት ይጠጋል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ያዘነብላል። የሞተሩ ሚዛን ግማሹ የነጂው ሰውነት ነው። ከኋላው ሁለት ልጅ ከተለጠፈበት ወዴት ይሽሽ? ዳገቱ ላይ የፊት ጎማው ይነሳና ሞተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ትልልቆቹ ሦስት ኩንታል ያልፋሉ። ሦስት ኩንታል ጤፍ ደረታችሁ ላይ ሲወድቅ አስቡት። ለሁለት ሰው ተብለው የተሠሩም አሉ፤ ያ ግን የሚለየው ከፋብሪካው እንጂ በአከራዩ «ችግር የለውም» አይደለም።

እናንተ ጎረምሶች ደግሞ፣ ሜዳው ጠቧችሁ የጎጃም መንገድ አስፋልት ላይ ከሲኖትራክ ጋር የምትጋፉት! ጎማው እኮ ለጭቃና ለሣር የተሠራ፣ ነፋሱ የቀነሰ ነው። በብዙዎቹ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ታስረው እኩል ነው የሚዞሩት። መታጠፊያ ላይ የውስጠኛው ጎማ ዝግ ማለት ሲገባው አይችልም። ጭቃ ላይ ይንሸራተትና ያልፋል፤ አስፋልት ግን ይይዘዋል። ያኔ ወይ እምቢ ብሎ ቀጥ ይላል፣ ወይ ይገለብጣችኋል። ደግሞ ለተራ ሞተር እንኳ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ለ18 ዓመት ሰው ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አስፋልት ላይ ምን ይሠራል? ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ሯጮች ልምምድ ላይ ናቸው። እረኛው ከብት ይነዳል። መንገዱ የእናንተ የቲክቶክ ሜዳ አይደለም።

ይህን ሁሉ ከራሴ አላመጣሁትም። ሞተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ ተለጥፏል፦ ሰው አትጫን፣ አስፋልት ላይ አትንዳ፣ ሄልሜት አድርግ፣ የአዋቂውን ሞተር ከ16 ዓመት በታች አይንዳ። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ እሱም በጭቃ ተሸፍኗል። እናንተ አከራዮች፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፋችሁ በሩ ላይ ብትሰቅሉት ስንት ብር ይፈጃል?

አባትየውን ጠጋ ብዬ አናገርኩት። «አቦ፣ አንድ ዙር እኮ ነው» አለኝ። ዞረው በሰላም ተመለሱ። ትንሿ እየሳቀች «አባ፣ ድገመው!» አለች። እሱም እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።