የአያቴን ፊት አትለጥጡብኝ

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ የሰርግ ዲቪዲ ደረሰና ቤተሰቡ ለማየት ተሰበሰበ። ስቱዲዮው መግቢያው ላይ የድሮ ምስል አስገብቶበታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረጸ ነው፤ አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ቡና ትቀዳለች። እናቴ ዝም ብላ አየችና «እማዬ እንዲህ አልነበረችም» አለች። እውነቷን ነው። አያቴ ፊቷ ሾጠጥ ያለ፣ አንገቷ መለሎ ነበር። ዲቪዲው ላይ ግን ጉንጯ ተነፍቷል፤ ሲኒዎቹ እንኳ ጎድጓዳ ሳህን መስለዋል።

እኔም ኤዲቲንግ ስለምሠራ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የድሮው ካሴት ምስል ወርዱ ከቁመቱ ጋር 4 በ3 ነው፣ የዛሬው ኤችዲ (ጥራቱ ከፍ ያለው ቪዲዮ) ደግሞ ሰፋ ብሎ 16 በ9። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ ካሴቱ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ኤዲተሩ ያንን ጥቁር ለመሸፈን ምስሉን ወደ ጎን ጎተተው። እንዲህ ሲጎተት ሰው ሁሉ በሲሶ ይሰፋል። «ደንበኛ ጥቁር አይወድም» ይላሉ። የገዛ እናቱ ፊት ሲበላሽስ ይወዳል?

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ዲቪዲ ራሱ ኤችዲ አይደለም። እኛ አገር በሚሠራበት የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ በፓል፣ ምስሉ 720 በ576 ነጥብ (ፒክስል) ነው፣ ልክ እንደ ሚኒ ዲቪው። ማነስ ያለበት 1920 በ1080 የሆነው የሰርጉ ቀረጻ ነው እንጂ ካሴቱማ ቁመቱ ሳይነካ መግባት ይችላል። ስቱዲዮዎቹ ግን ሁሉንም ኤችዲ ታይምላይን ላይ (ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ ምስሎች ተከታትለው የሚቀመጡበት መስመር ላይ) ይደረድሩና ካሴቱን ወደ 1080 ቁመት ይነፉታል፣ ከዚያ ለዲቪዲ ብለው መልሰው ያሳንሱታል። ሁለቴ ተፈጭቶ ምን ይተርፈዋል?

እስክስታው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የካሴቱ ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም ግን አንድ አንድ መስመር እየተዘለለ በሁለት ዙር የተቀረጸ ነው። ሚኒ ዲቪ ከታችኛው መስመር ይጀምራል፣ 1080አይ፣ ማለትም ኤችዲን እንዲሁ መስመር እየዘለሉ የሚቀርጹ ካሜራዎች፣ ከላይኛው። ፊልድ ኦርደር የሚሉት ይሄንን ነው። ከተሳሳተ የቆመ ሰው ላይ ምንም አይታወቅም፤ ትከሻ መምታት ሲጀመር ግን ምስሉ ወደፊት ወደኋላ እየተመላለሰ ዓይን ያማል። ስለዚህ ዲስኩን ስትፈትሹ ኬክ ቆረሳውን ትታችሁ ጭፈራውን እዩ፣ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሳይሆን በማጫወቻ፣ በቴሌቪዥን።

እኔ ሰርጉን በኤችዲ ኤዲት አድርጌ ያንን ፋይል አስቀምጣለሁ። ለዲቪዲው ሌላ የፓል 16 በ9 ታይምላይን እከፍታለሁ። ያለቀውን ኤችዲ እዚያ አሳንሼ፣ ካሴቱን ደግሞ ሳይነፋ በቀጥታ ከዋናው ፋይል አስገባለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ አዎ። የሦስት ሰዓት ሰርግም አንድ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ አላጭቅም፤ በሰከንድ 8 ሜጋቢት በሆነ ጥራት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው የሚይዘው። አሜሪካ ላለ ዘመድ የሚላክ ከሆነ ደግሞ እዚያ ያሉ ብዙ ማጫወቻዎች ፓል አይቀበሉም፤ ኤችዲውን ፋይል በፍላሽ ጨምሩለት።

ካሴቱ አክስቴ ቤት ነበር። ተቀብዬ መግቢያውን ራሴ ደግሜ ሠራሁት። አሁን አያቴ መሃል ላይ ናት፣ ግራና ቀኟ ጥቁር ነው። እናቴ ሁለቴ አስደገመችኝ።