ሐኪሙን የምናባርረው እኛው ነን

ወገኖቼ፣ «የዛሬ ሐኪም ገጠር አይወድም» የምትለዋን ወሬ እንተዋት። ፈቅዶ የሚሄድ ወጣት አለ። አንዱ እዚያው ያደገ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባደሰው መመሪያ የገጠር ልጆችን ሕክምና አስተምሩ የሚለው፣ ተመልሰው የመሥራት ዕድላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ሌላው እጁን ማፍታታት ይፈልጋል፤ በትልቅ ሆስፒታል ከስፔሻሊስትና ከሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን ከሚማር ሐኪም) ኋላ ቆሞ የሚያየውን፣ ወረዳ ላይ ራሱ ይሠራዋል። አገልግዬ የስፔሻሊቲ ስፖንሰር፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚያስተምረኝ፣ አገኛለሁ ብሎ የሚመጣም አለ፤ ነውር የለበትም።

ታዲያ ለምን አይቆይም? ማፈር ያለብን እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚሠራው ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ነው። ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት መጣች እንበል። በኦፕራሲዮን ለማዋለድ ሐኪሙ ብቻውን አይበቃም፤ ሰመመን ሰጪ፣ መሣሪያ አቀባይ ነርስ፣ ዕቃ የምታቀርብ ሌላ ነርስና ሕፃኑን የምትቀበል አዋላጅ መኖር አለባቸው። ውሃ ከሌለ መሣሪያ በእንፋሎት የሚያመክነው አውቶክሌቭ አይሠራም፤ እሱ ካልሠራ ንጹሕ መሣሪያ የለም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካጣ ኦክሲጅን ማሽኑም ይቆማል። የደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ፍሪጁ በየጊዜው እየጠፋ ከከረመ መድኃኒቱ ይደክማል። 10 ዩኒት ተወግታም ደሟ አይቆምም። ሐኪሙ ማድረግ ያለበትን እያወቀ ሪፈር ይጽፋል። እናቲቱ መንገድ ላይ ስትሞት «ሐኪሙ ገደላት» ብለን እጃችንን እናነሣበታለን። ይህን ደጋግሞ ያየ ልጅ ሻንጣውን ቢያነሣ በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

ገንዘብ ወዳድ ነውም አትበሉት። የዲዩቲ ክፍያ ሌሊቱን ቆሞ ለሠራው ሥራ የሚከፈል እንጂ ጉርሻ አይደለም። ክፍያውን ለወራት አሳድሮ፣ ቤት ኪራይ ግን በየወሩ የሚጠይቅ ከተማ ሐኪም አያቆይም።

እናንተ የወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ በጀት ስታጸድቁ ዲዩቲና ናፍጣ የት እንደተያዙ ጠይቁ፤ «ሥራ ማስኬጃ» በሚል ስም ተጠቅልለው ከገቡ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ከሆስፒታሉ አጥር አጠገብም ቤት ስጡት፤ ሌሊት የሚጠራ ሰው ናፍጣ ያጣ አምቡላንስ እየጠበቀ አይደርስም።

የዕድር ዳኞች፣ ሐኪም ሲሰደብ ዝም አትበሉ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል፤ የዕድራችሁን አባላት አስተባብሩ።

የሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ ልጁ ሊያገለግል የገባውን ጊዜ ሲጨርስ ሪሊዙን (የመልቀቂያ ደብዳቤውን) አትከልክሉት፤ ስፖንሰር ብላችሁ ከሆነ ያመጣችሁት በቀኑ ስጡት። በግድ አንድ ዓመት ብታስቀሩት፣ ከሱ በኋላ ሊመጡ ያሰቡት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ በዚያው ሳምንት በስልክ ሰምተው ሌላ ወረዳ ይመርጣሉ።