አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ

ሰሞኑን አንድ አርክቴክት ወዳጄ «መኖሪያና መሥሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር» የሚል ንድፍ በላፕቶፑ አሳየኝ። ጥግ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ። «ለአገራችን አዲስ ሐሳብ ነው» አለኝ። የተገናኘነው ካፌ ነው፤ ቤቱ እንዳይሠራ ልጆቹ መቼ አስቀምጠውት! ግን ዝም አልኩ፤ ማኪያቶውን የጋበዘኝ እሱ ነዋ።

እኔ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሼ ቤት፣ መሥሪያና መኖሪያን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነበር። በሩ አጠገብ ጉድጓድ አለ። እግራቸውን እዚያ ከትተው መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ወዲያ እንዝርት ያሾራሉ። እኛ ልጆች ጋሼ እግር እንዳላቸው ያወቅነው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነው።

ኋላ የ1997ቱ ምዝገባ ዕጣ ወጣላቸው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። እልል ተባለ። እልልታው ሲበርድ ግን ጥያቄ መጣ፦ ጉድጓዱ የት ይቆፈር? ትንሽ ጠለቅ ቢሉ እግራቸው ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ሳሎን ውስጥ ይንጠለጠላል። ግቢው ውስጥ ለበግ ማረጃ ሳይቀር የጋራ ቤት ተሠርቷል፤ የሸማኔ እግር ግን ማንም ትዝ አላለው። ጋሼ ቢቸግራቸው ከፍ ያለ የእንጨት መደብ አሠርተው ላዩ ላይ ተሰየሙ። አሁን ጭንቅላታቸው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። እሳቸው ማጉን ጠቅ ሲያደርጉ፣ የታችኛው ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጠላ ሻጭ እትዬ ደግሞ ጣሳ የሚሰቅሉበት ደጅ አጡ። በረንዳ ላይ ቢሰቅሉት ከእርግብ በቀር የሚያየው ጠፋ። በገመድ ቁልቁል አወረዱት። የኮሚቴው ሰብሳቢ «የሕንፃውን ገጽታ አበላሽቷል» ብለው ሊያስነሱ ወጡ፤ ሁለት ጣሳ ጠጡና፣ ገመዱ አንድ ክንድ እንዲያጥር ወስነው ወረዱ።

ምድር ያሉት ሱቆችስ እንዳትሉኝ። እነሱ በጨረታ ነው የተሸጡት፤ ጨረታ ላይ ደግሞ ሸማኔ የሚታየው ተጫራቾቹ በለበሱት ጋቢ ብቻ ነው።

ኋላ ዝም ማለቱ አላስችል ብሎኝ ይህን ሁሉ ስተርክለት አርክቴክቱ ፍንክች ሳይል አዳመጠኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣና፣

«ጉድጓዱ ጥልቀቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው አልከኝ?»